ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው የሚመረጠው መቼ ነው?

(ጅማ ውስጥ ለመምህራንና ለተማሪዎች ከተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ። ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። መግቢያ ሳላበዛ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሃዋርድ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1867 ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። በዋናነት የታሰበው ከባርነት ለወጡ ሰዎችና ለልጆቻቸው ነው። ተማሪዎቹ በአብዛኛው ጥቁሮች ነበሩ። ፕሬዝዳንቶቹ ግን ነጮች። አንዱ ሲወርድ ሌላው ነጭ ይተካል። የመጀመሪያው ጥቁር ቋሚ ፕሬዝዳንት ሞርደካይ ጆንሰን ወንበሩ ላይ የተቀመጡት በ1926 ነው። ከ59 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። እዚያው ቤት ውስጥ ሴት ልጅ ተምራ፣ አስተምራ፣ ተመራምራ ሙሉ ፕሮፌሰር እስክትሆን ስንት ጊዜ ወሰደ? ፕሮፌሰር ያለምፀሐይ መኮንን በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑት በ2009 ነው። እዚህም 59 ዓመት።

የቁጥሩ መገጣጠም አጋጣሚ ነው። ምክንያቱ ግን ይመሳሰላል። በሁለቱም ቦታ በሩ ተከፍቷል። ተማሪው ገብቷል። ግን ከበሩ እስከ ወንበሩ ረጅም መንገድ አለ፤ መንገዱ ላይ ማን እንደሚቀር ደግሞ ማንም ቆጥሮ አያውቅም። ዛሬ ላሳምናችሁ የመጣሁት ነገር አንድ ነው። የነገው ፕሬዝዳንት፣ የነገው ዲን የሚመረጠው ቦርድ ተሰብስቦ እጅ ሲያወጣ አይደለም። የሚመረጠው ከሃያ ዓመት በፊት፣ አንድ ዲፓርትመንት ሁለት ጂኤ (ተመርቀው እዚያው የሚቀሩ ረዳት መምህራን) ለመቅጠር ሲቀመጥ ነው።

ጆንሰን ሃዋርድን እስከ 1960 መርተዋል። ሰውዬው ራሳቸው ከሠሩት ይልቅ የሾሟቸው ሰዎች የሠሩት ይበልጣል። በ1929 የሕግ ትምህርት ቤቱ ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ለሚባል ወጣት ጠበቃ ተሰጠ። ሂውስተን የማታ ብቻ የነበረውን ትምህርት ወደ ሙሉ የቀን ትምህርት ለወጠው። ተማሪዎቹን ጥቁርና ነጭን በሚለያየው ሕግ ላይ እንዲዘምቱ አድርጎ አሠለጠናቸው። በ1933 ከእጁ ከተመረቁት አንዱ ተርጉድ ማርሻል ነበር። ማርሻል የሜሪላንድ ልጅ ነው፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ግን በዚያን ጊዜ ጥቁር አይቀበልም። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ልጆችን በትምህርት ቤት መለየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሲወስን፣ ጉዳዩን ቆመው ከተከራከሩት ጠበቆች ፊት የነበረው እሱ ነው። በ1967 ራሱ የዚያ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ።

ሰንሰለቱን ልብ በሉ። አንድ ፕሬዝዳንት፣ አንድ ዲን፣ አንድ ክፍል ተማሪ፣ አንድ ውሳኔ። የጠቅላላ አንድ አገር ትምህርት ቤት ሕግ ተለወጠ። ስለ አመራር ስብጥር ስንናገር ለፎቶ የሚያምር መድረክ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገሩ ፎቶ አይደለም። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ማንን ያያል፣ ማንን ያምናል፣ ለማን ዕድል ይሰጣል የሚል ጥያቄ ነው።

ከሃዋርድ ሳንወጣ እኛን የሚነካ ታሪክ ልጨምር። እዚያው ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ የሚባል መምህር ነበር። በ1922 አፍሪካ ታሪክ አላት ብሎ ማስተማር ጀመረ። ያን ጊዜ ይህ እንደ እብደት ይቆጠር ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ ሳይቀሩ ማስረጃህ የት አለ እያሉ ይሞግቱት ነበር። ሃንስቤሪ ዶክትሬት የለውም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። እሱ የሚያጠናውን ጉዳይ አውቆ የሚያማክርና የሚፈትን ሰው በዘመኑ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ አልነበረም። የእኛው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት በዚሁ ሃዋርድ ነው፤ ከሃንስቤሪ ጋር ሆነው በ1934 ስለ ኢትዮጵያ የሚሠራ የጥናት ማኅበር አቋቁመዋል። በ1964 ሃንስቤሪ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጠው። በገዛ አገሩ የዘገየበት ክብር ከአዲስ አበባ ሄደለት።

ይህን ታሪክ ሳነብ ሁሌ የማስበው ስለ ፈታኞች ነው። የሚያውቅህ ፈታኝ ከሌለ እውቀትህ እውቀት ተብሎ አይመዘገብም። እኛስ ዘንድ ስንት ልጅ አለ? ከጫካ ማር ጋር ያደገ፣ የዕፅዋቱን ስም ከእናቱ የተማረ፣ ግን ያንን ይዞ ሲመጣ ርዕሱ ሳይንሳዊ አይደለም የተባለ?

አሁን ወደ ሌላ ፕሬዝዳንት ልለፍ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ወደ ጅማ የሚያመጣን እሷ ናት። ሩት ሲመንስ ቴክሳስ ውስጥ የተወለደች የጢሰኛ ገበሬዎች ልጅ ናት። ለ12 ልጆች የመጨረሻዋ። በ2001 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ሆነች። አይቪ ሊግ ከሚባሉት ስምንት ገናና ዩኒቨርሲቲዎች አንዱን በመምራት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ናት። ብራውን በ1764 የተመሠረተ ነው። ከመሥራቾቹና ከለጋሾቹ መካከል የባሪያ ንግድ ያካሄዱ ነበሩ። ይህ ፍጹም ምስጢር አልነበረም። ግን ከ200 ዓመት በላይ ከፕሬዝዳንት ቢሮ ወጥቶ የጠየቀ አልነበረም። ሲመንስ ሥራ በጀመረች በሁለት ዓመቷ፣ በ2003፣ ይህንን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመች። ሪፖርቱ በ2006 ወጣ። ከዩኒቨርሲቲው ቀደምት ሕንጻዎች አንዱ ሲሠራ የባሮች ጉልበት እንደነበረበት ሳይቀር በግልጽ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም የየራሳቸውን መዝገብ መግለጥ ጀመሩ።

አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ስለተቀመጠ አንድ ጥያቄ ተጠየቀ። ጥያቄው እዚያው ነበር። የሚጠይቀው ሰው ነው ያልነበረው።

አሁን ጅማ ነን። ሂርማታን የማያውቅ እዚህ የለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሂርማታ በአካባቢው ካሉት ገበያዎች ሁሉ ትልቁ ነበር። ቡናው፣ ማሩ፣ የዝባዱ ሽቶ፣ የዝሆን ጥርሱ ይሸጥበታል። ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከካፋ፣ ከዳውሮ፣ ከየምና ከሌላም አካባቢ የተጋዙ ሰዎች በዚህ አልፈዋል። ዳግማዊ አባ ጅፋርን የምናከብራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ንግድን ያወቁ፣ ከምኒልክ ጋር ተስማምተው አገራቸውን ከጦርነት ያተረፉ ብልህ ንጉሥ ናቸው። የጅሬን ቤተ መንግሥት ኩራታችን ነው። ግን ኩራትና ዝምታ አንድ አይደሉም። በኢትዮጵያ ባርነት በአዋጅ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የተወለደ ሰው ዛሬም በሕይወት ሊኖር ይችላል። የነዚያ የተሸጡ ሰዎች የልጅ ልጆች በመካከላችን አሉ። ጎረቤቶቻችን ናቸው። በጋብቻ ጊዜ ዘራቸው እንዴት እንደሚጠየቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እኛ አገር የቆዳ ቀለም ብለን ሰው አንለይም እንላለን። እውነት ነው ብለን ብንቀበለው እንኳ የምንለይበት ሌላ ነገር አናጣም። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ሂዱ። በካፋ ማንጆ፣ በዳውሮ ማንጃ የሚባሉ ወገኖች አሉ። ከጫካ ጋር የኖሩ፣ እንጨትና ከሰል የሚሸጡ፣ ማር የሚቆርጡ ሰዎች ናቸው። ለብዙ ዘመን ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይበሉ፣ በአንድ ዕቃ እንዳይጠጡ፣ ቤት እንዳይገቡ ተደርገው ኖረዋል። ሸክላ የሚሠሩ፣ ቆዳ የሚያለፉ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ ወገኖችም በየአካባቢው ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። የሠሩትን ማሰሮ እንጠቀማለን፣ በሠሩት ማረሻ እናርሳለን፣ እጃቸውን ግን አንጨብጥም። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ ብቻቸውን የሚቀመጡባቸው ክፍሎች ነበሩ። ይሄ ከአሜሪካው የሚለየው በምንድነው? በስሙ ነው እንጂ በሚያደርሰው ሕመም አይደለም።

ሕጋችን ደንታ ቢስ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች በታሪክ የደረሰባቸውን በደል የሚያካክስ የድጋፍ እርምጃ ይገባቸዋል ይላል። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ለሴቶች ዝቅ ያለ ካት ፖይንት ሲሠራበት ኖሯል። ለአካል ጉዳተኞችም፣ ታዳጊ ከሚባሉት ክልሎች፣ ከአፋር፣ ከሶማሌ፣ ከጋምቤላና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለሚመጡ ተማሪዎችም እንደዚሁ። ይህ በጎ ነው። ብዙ ሐኪም፣ ብዙ መሐንዲስ በዚህ በር ገብቷል። ግን አቆጣጠራችንን እዩት። የምንቆጥረው በክልልና በፆታ ነው። የማንጆ ልጅ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ክልሉ ታዳጊ ካልተባለ እሱም ከጎረቤቱ ጋር እኩል እንደተወዳደረ ይቆጠራል። እኩል የተወዳደሩት ግን ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ እስኪደርሱ ድረስ አልነበረም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ። ብዙ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀሩ። እነዚያ ትምህርት ቤቶች የት ናቸው? መምህር የማይረጋበት፣ ላብራቶሪ የሌለበት፣ መጽሐፍ ለአምስት የሚያዝበት ወረዳ ውስጥ ናቸው። እንግዲህ ከዚያ ወረዳ ወጥቶ፣ ያንን ወንፊት አልፎ፣ እዚህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ወይም ዋናው ግቢ የደረሰ ልጅ ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ አስቡት።

ከዚያ ምን ይሆናል? በፍሬሽ ዓመቱ ይንገዳገዳል። እንግሊዝኛው ይከብደዋል። ኮምፒውተር የሚነካው ገና አሁን ነው። ዶርም ውስጥ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር እሱ ብቻ አያውቅም። ልጅቷ ከሆነች ደግሞ «በአፈርማቲቭ ነው የገባችው» የምትል ሹክሹክታ እስከ ምረቃዋ ትከተላታለች። የመጀመሪያ ዓመት ውጤቱ ይወርዳል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ይቃናል። በመጨረሻው ዓመት ከክፍሉ አናት ላይ ካሉት አንዱ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ተማሪዎች አስተምሬአለሁ፤ እናንተም አስተምራችኋል። የጂኤ ማስታወቂያ ሲወጣ ግን የሚደረደረው አጠቃላይ ግሬዱ ነው። የፍሬሽ ዓመቱ ጠባሳ አብሮት አለ። በነጥብ ሽርፍራፊ ይቀደማል። ጂኤ ካልሆነ በመንግሥት ወጪ ማስተርስ የለም። ማስተርስ ከሌለ ዶክትሬት የለም። ዶክትሬት ከሌለ ዲን የለም፣ ሴኔት የለም፣ ፕሬዝዳንት የለም። ታዲያ ከሃያ ዓመት በኋላ ቦርዱ «ብቁ ዕጩ አጣን» ቢል ይዋሻል እንዴ? አይዋሽም። ዕጩው የተቆረጠው ያኔ ነው፣ ያለ ክፋት፣ በአንድ ኤክሴል ሰንጠረዥ።

በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ማንም ሰው ክፉ ሳይሆን የሚሠራ በደል።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ሁለቱም በቁም ነገር መመለስ አለባቸው።

አንደኛው የጥራት ነገር ነው። መስፈርት ከተነካ ጥራት ይወድቃል ይባላል። እኔ መስፈርት ይውረድ አላልኩም። መስፈርቱ የሚለካው ነገር ትክክል ይሁን ነው የምለው። ጥሩ መምህርና ተመራማሪ የሚሆነውን ለመለየት የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራ፣ የመመረቂያ ጥናቱ፣ ክፍል ውስጥ ቆሞ ማስረዳት መቻሉ ይበልጣሉ ወይስ የፍሬሽ ሴሚስተር ግሬድ? ከታች ተነስቶ አናት የደረሰ ልጅ ትምህርት እንዴት እንደሚገባ ያውቃል። ይህ ራሱ ብቃት ነው።

ሁለተኛው ይከብዳል። «የአመራር ስብጥር» ሲባል እኛ አገር ወዲያው ወደ ብሔር ኮታ ይሄዳል። ሕጉ ፕሬዝዳንት በውድድር ይመረጥ ይላል፤ በየግቢው የሚወራው ግን ያካባቢው ተወላጅ ካልሆነ አይታሰብም የሚል ነው። ተማሪዎቻችን በብሔር ተቧድነው በድንጋይ የተወጋገሩበትን፣ ወላጅ ልጁን በሬሳ ሣጥን የተቀበለበትን ጊዜ አልረሳንም። ስለዚህ ግልጽ ልሁን። ወንበር በብሔር ይከፋፈል የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። በድርሻ የተሾመ ሰው ዕዳው ለሾሙት ነው እንጂ ለተማሪው አይደለም። ደግሞም ያ ድርሻ ማንጆው ጋ አይደርስም። በብሔሩ ስም ሌላ፣ ከከተማ የመጣ፣ ዘመድ ያለው ሰው ይወስደዋል።

ሌላ መንገድ አለ። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣችውን ሕግ ተመልከቱ። የፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎች ግማሹን ቦታ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለተማሩ ልጆች እንዲይዙ አዘዘች። በዚያ ውስጥ የቤተሰብ ገቢ ይታያል፣ የጥቁሮችና የነባር ሕዝቦች ድርሻም በየግዛቱ የሕዝብ ቁጥር ልክ ይጠበቃል። መነሻው ግን ትምህርት ቤት ነው። የት ተማርክ? ምን ነበረህ? ምን አጣህ? እኛም ከዚህ መጀመር እንችላለን። ልጁ የመጣበት ትምህርት ቤት ባለፉት ዓመታት ስንት ተማሪ አሳልፏል? እናትና አባቱ ተምረዋል? ይህን መጠየቅ ማንንም በደሙ አይከፋፍልም፤ የተረሳውን ግን ያወጣዋል።

አሜሪካኖች ሰኔ 2023 ላይ ምን እንደደረሰባቸው ሰምታችኋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በሃርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ዘርን ከግምት ያስገባ የተማሪ ቅበላ አይፈቀድም አለ። ለአሥርት ዓመታት የተሠራበት አካሄድ በአንድ ቀን ተዘጋ። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት አለ። በር ላይ ብቻ የተሠራ ነገር በር ላይ ይፈርሳል። ውስጥ የገቡ፣ መምህር የሆኑ፣ ኮሚቴ የሚመሩ፣ ተማሪ የሚያሳድጉ ሰዎችን ግን በአንድ ፍርድ ማውጣት አይቻልም። ሂውስተን ያሠለጠናቸውን ጠበቆች ማን መልሶ ተማሪ ሊያደርጋቸው ይችላል?

ስለ ጅማ ዩኒቨርሲቲ አንድ ነገር ልበልና ወደ ማብቂያዬ ልሂድ። ይህ ቤት እንደ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ በፊት የነበሩትን የእርሻ ኮሌጁንና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱን አንድ አድርጎ። ከጥንትም መታወቂያው ኅብረተሰብ ተኮር ትምህርት ነው። ተማሪዎቻችን በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ይወጣሉ፣ ከሕዝቡ ጋር ይቀመጣሉ፣ ችግሩን ይጽፋሉ። ይህን የሚያደርግ ግቢ በአገሪቱ ብዙ አልነበረም። እንግዲህ እኛ ወደ ሕዝቡ ሄደን መጻፍ ከቻልን፣ ሕዝቡ መጥቶ መምህር እንዲሆን ማድረግ ለምን ያቅተናል? ጥናት የምናደርግባቸው መንደሮች ልጆች ጥናቱን የሚመሩት መቼ ነው?

ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አላቀርብም። እዚህ ያላችሁ የዲፓርትመንት ኃላፊዎች በሚቀጥለው የጂኤ ቅጥር የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ውጤት ለብቻው አስልታችሁ ከአጠቃላዩ ጎን አስቀምጡት። ሁለቱን አይታችሁ ወስኑ። ስብሰባ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አትጥሩ፤ ሕፃን ልጅ ያላት መምህርት ከኮሚቴ የምትቀረው በዚያ ምክንያት ነው፤ ከኮሚቴ የቀረች ደግሞ ለኃላፊነት አትታጭም። ዓይነ ስውር ተማሪ ሲመጣ የት ዲፓርትመንት ይመደብ ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት ምን መማር እንደሚፈልግ ጠይቁት። የታሪክ መምህራን፣ ሂርማታን ለተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ጥናት አድርጋችሁ ስጡ፤ አረጋውያኑ ገና ሳያልፉ።

ሬጅስትራሩ ጋ ደግሞ መዝገብ አለ። ባለፉት አሥር ዓመታት ስንት ተማሪ ከየትኛው ትምህርት ቤት ገባ፣ ስንቱ ተመረቀ፣ ስንቱ ጂኤ ሆነ፣ ከነዚያ ስንቶቹ ዛሬ በኃላፊነት ላይ አሉ፤ ይህን ከስም ለይቶ በትምህርት ቤትና በፆታ ማውጣት የሁለት ባለሙያ የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው። ወጥቶ በሴኔት ፊት ይነበብ። በየዓመቱ ይነበብ። ኮሚቴ ካስፈለገ እኔ አባል ለመሆን ፈቃደኛ ነኝ፤ ስማችሁን የምታስመዘግቡ ካላችሁም ወረቀቱ እዚያ ጋ፣ መውጫው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አለ።